«ክሊክ» ወይስ «ጠቅ»? ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከወሎ ከተሞች ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አምስቱ በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ያተኮሩ ሆነው ስላገኘኋቸው የዛሬውን ዓምድ ለእርሷ ለቅቄያለሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ደንበኞች «ክሊክ አድርጊው» ይሉኛል፤ የኮምፒውተሩ የአማርኛ ገጽ ደግሞ «ጠቅ ያድርጉ» ይላል። የትኛው ነው ትክክል? «ክሊክ አለ» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ «ክሊክ» አጭርና ደረቅ ድምፅን በመምሰል የተፈጠረ ቃል ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ16ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይገኛል። ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ማውስን ለሕዝብ ከማሳየቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የመቀርቀሪያን ድምፅ ይገልጽ ነበር ማለት ነው። የማውሱ አዝራር ሲጫኑት ያንኑ የመሰለ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ቃሉ ከድምፁ አልፎ ለመጫኑ ሥራ መጠሪያ ሆነ።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ቃል እንዳለ ግሥ ያደርገዋል፤ ድምፅ የሰጠው አዝራርም፣ አዝራሩን የተጫነው ሰውም በዚያው በአንዱ ግሥ ይነገርላቸዋል። አማርኛ ግን ቃሉን ሳይነካ «አለ»ን ወይም «አደረገ»ን ያስከትልለታል፦ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ፤ ልጁ መቀርቀሪያውን ቀጭ አደረገው። ስለዚህ አዝራሩ ድምፅ ሲሰጥ «ክሊክ አለ»፣ ሰው ሲጫነው «ክሊክ አደረገ» ቢባል የሚያስነውር ነገር የለውም። እንዲያውም ደንበኞችሽ ማንም ሳያስተምራቸው እንግዳውን ቃል ከዱብ፣ ከጠብና ከቀጭ ተርታ አሰልፈውታል።

ምረጥ ካልሽኝ ግን «ጠቅ»ን እመርጣለሁ። ይህ ቃል ድምፅን ከመምሰል ይልቅ በጣት ጫፍ ወይም በሹል ነገር ፈጠን ብሎ መንካትን ይሥላል፤ ዛሬ የምንነካው የስልክ መስታወት ደግሞ አዝራርም ሆነ ድምፅ ስለሌለው «ክሊክ» ከድምፁ ሲለያይ «ጠቅ» ከነትርጉሙ ይቀራል። እንግሊዝኛውም ለስልክ «ታፕ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ተርጓሚዎቻችን ይህንን «መታ ያድርጉ» ብለውታል። እኔ በበኩሌ በብዙ ብር የገዛሁትን ስልክ መታ ከማድረግ ጠቅ ማድረጉን እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ በወልድያ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። «ክሊክ»ንና «ክላክ»ን ለተማሪዎች እንዴት ልለይላቸው?

መልስ፦ «ክላክ» ጎላና ወፈር ያለ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አናባቢው ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ቀጭኑ ይቀድማል፤ «ክሊክ ክላክ» እንጂ «ክላክ ክሊክ» አይባልም፣ የሰዓቱም ድምፅ «ቲክ ቶክ» ነው። በአማርኛ ተመሳሳዩን ሥራ ተነባቢው ሲሠራ ለማሳየት «ቀጭ»ንና «ገጭ»ን ያቅርቡላቸው፦ ቀጭን እንጨት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ መኪና ከመኪና ጋር ገጭ ይላል። «በአጭሩ ተቀጨ» እና «መኪና ገጨው» ስንል የምንጠቀምባቸው ግሦችም የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ጥያቄ፦ የሐይቅ ነዋሪ ነኝ። በወጣትነቴ «ክሊክ» ሲባል የምሰማው የፖለቲካ ቡድንን ለመንቀፍ ነበር። ትርጉሙ ተለወጠ ወይስ እኔ ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ አልተሳሳቱም አባቴ። እርስዎ የሚያስታውሱት ሌላ ቃል ነው፤ በአማርኛ አጻጻፋቸው አንድ ይሁን እንጂ በላቲን ፊደል ይለያያሉ። ለሌላው በሩን የዘጋ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቡድን ማለት ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የወሰደው ነው። የሚያስገርመው ግን ፈረንሳይኛው ቀድሞ ስል ድምፅ ማለት የነበረ መሆኑ ነው፤ የበር መቀርቀሪያም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ስለዚህ የቡድኑም የአዝራሩም ቃል ድምፅን ከመምሰል የመነጩ ናቸው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ሁለት ሰዎች «ክሊክ አደረጉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ገና እንደተዋወቁ ተግባቡ ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ደማቸው ገጠመ» እንላለን። ግራ ያጋባ ነገር በድንገት ሲገባንም በእንግሊዝኛ ይኸው ግሥ ያገለግላል፣ እኛም «ብልጭ አለልኝ» እንላለን። ሁለቱም የጭውውት አነጋገሮች ስለሆኑ በሥራ ማመልከቻ ውስጥ አታስገቢያቸው።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ ነው የምጽፍልዎ። የቋንቋ ሊቃውንት «ክሊክ» የሚሉት ተነባቢ በአማርኛ አለ? «ቀ» እና «ጠ» ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። «ቀ»፣ «ጠ» እና «ጨ» አየሩን ወደ ውጭ ገፍተን የምናፈነዳቸው ድምፆች ሲሆኑ፣ «ክሊክ» ግን አየር በምላስ ወደ ውስጥ ተስቦ የሚፈጠር ነው። ጋሪ ነጂ ፈረሱን ለማነቃቃት በምላሱ የሚያሰማው ድምፅ የዚህ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቃል አይሠራም። በደቡብ አፍሪካ በዙሉና በኾሳ ቋንቋዎች ግን እንደማንኛውም ፊደል በቃላት ውስጥ ይገባል። ለአካባቢዎ የሚቀርበው የኬንያው ዳሃሎ ነው፤ እንደ ኦሮምኛ ከኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ እነዚህ ድምፆች አሉት።