«ተሰኪ» ሁሉ «ወንዴ» ነውን?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን የቴክኒክ መግለጫ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የኬብል ማገናኛን ሁለት ወገኖች አንዳንዱ ጽሑፍ «ወንዴ» እና «ሴቴ»፣ ሌላው «ተሰኪ» እና «መሰኪያ» ይላቸዋል። አንዱን ጥንድ በሌላው ብተካው ስሕተት ይሆናል? «10 አምፒር» የሚለውንስ «10 አምፒር ይሰጣል» ብዬ ልጻፈው?

መልስ፦ ባይተኩት ይሻላል። «ወንዴ»ና «ሴቴ» የሚናገሩት ስለሚነካኩት ብረቶች ቅርጽ ነው፤ ዘንግ ያለው ወንዴ፣ ቀዳዳ ያለው ሴቴ ይባላል። «ተሰኪ»ና «መሰኪያ» ግን «ሰካ» ከሚለው ግስ የወጡ በመሆናቸው ድርጊቱን ይከተላሉ፤ የሚሰካው ተሰኪ፣ የሚሰካበት መሰኪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ተሰኪው ወንዴ ስለሚሆን ልዩነቱ አይታየንም።

የዴስክቶፕ ኮምፒውተርን የኃይል ገመድ ልብ ብለው ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ካለው ጎድጓዳ ስፍራ የሚገባው የገመዱ ጫፍ ሦስት ቀዳዳዎች ሲኖሩት፣ ሦስቱ ዘንጎች ያሉት ከጎድጓዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ የገመዱ ጫፍ ተሰኪ ሆኖ ሳለ ሴቴ፣ የኮምፒውተሩም ወገን መሰኪያ ሆኖ ሳለ ወንዴ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይህኛው ቢነቀል፣ ኮረንቲ ያለበት ዘንግ ተገልጦ እጅ እንዳይነካው ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ የገመዱ ጫፍ ሲ13፣ የኮምፒውተሩ ወገን ሲ14 ይባላል።

«መሰኪያ» ራሱ አንድ ችግር አለበት። ይህ የስም ቅርጽ እንደ «መቀመጫ» ቦታን፣ እንደ «መቁረጫ» ደግሞ መሣሪያን ስለሚያመለክት፣ አንባቢ «መሰኪያ» ሲል የሚሰካበትንም የሚሰካውንም ሊያስብ ይችላል። በንግግርማ «ሶኬቱን ሰካው» ስንል የሚሰካውን ዕቃ በሚሰካበት ስም እየጠራነው ነው! በመግለጫ ጽሑፍ ላይ ግን «መሰኪያ»ን ለሚሰካበት ብቻ መድበው፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ ይህንኑ ቢገልጹ አሻሚነቱ ይቀራል።

«10 አምፒር ይሰጣል» ትክክል አይደለም፤ ማገናኛ ኮረንቲ አያመነጭም፣ ያሳልፋል እንጂ። «እስከ 10 አምፒር ይሸከማል» ቢሉ ቁጥሩ ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ የተወሰነለት ጣሪያ መሆኑ ይገባል። ለቮልቱ «ይሸከማል» አይስማማም፤ «እስከ 250 ቮልት ድረስ የሚያገለግል» ይበሉ።

ስለ ሽቦው ሲጽፉም «2.5» የሚለውን ቁጥር «ውፍረት» አይበሉት። ቁጥሩ ሽቦው ተቆርጦ ሲታይ ያለው የገጽ ስፋት ስለሆነ መለኪያው ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጡ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ሳይሆን ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ ሽቦ ከሆነ የብረቱ ውፍረት 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። «ባለ 2.5 ሚሊ ሽቦ» የሚለው አነጋገር በሥራ ላይ ያግባባል፤ በጽሑፍ ግን «ካሬ» የምትለዋ ቃል መቅረት የለባትም።