ጥያቄና መልስ፦ «ጩኸት ነው» የተባለው አልበም

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ የአሜሪካውን ባንድ የፖዚስን «ፍሮስቲንግ ኦን ዘ ቢተር» የተባለ አልበም በፍላሽ ሰጠኝና በጣም ወደድኩት። ጓደኞቼ ግን «ጩኸት ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድምህ ጆሮ ያለው ሰው ነው! አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል የምትታወቀው በግራንጅ፣ ማለትም በሻካራና ከባድ የሮክ ሙዚቃ ነበር፤ የፖዚስ ልጆችም ከዚያው አካባቢ ስለሆኑ፣ አሳታሚያቸውም የታዋቂው የግራንጅ ባንድ የኒርቫና አሳታሚ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ዜማቸውን ልብ ሳይለው ቀረ። ያሳዝናል። የእነሱ ሙዚቃ ፓወር ፖፕ ይባላል፦ ጊታሩ ይጮሃል፣ ዜማው ግን ማር ነው።

መጀመሪያ ከአልበሙ «ድሪም ኦል ዴይ» የሚለውን ዘፈን አሰማቸው። በስልክ ስፒከር እንዳይሆን፣ በኢርፎን! የባንዱ ዘፋኞች ጆን አውርና ኬን ስትሪንግፌሎ አብረው ሲዘፍኑ የቱ ድምፅ የማን እንደሆነ ይጠፋብሃል። እኔ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ፣ ዝናቡ የታክሲውን መስኮት እየደበደበ፣ ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል አልሰማሁትም፤ ትከሻዬን ነክቶ ነው የቀሰቀሰኝ። መዝጊያው «ካሚንግ ራይት አሎንግ» ደግሞ ዝግ ያለ ነው፣ ማታ ብቻቸውን ይስሙት።

ከወደዱት እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን፣ ቢግ ስታር የተባለውን የአሜሪካ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ጨምርላቸው። ቢግ ስታር እ.ኤ.አ. በ1993 እንደገና ሲሰባሰብ አውርና ስትሪንግፌሎ አብረው ተጫውተዋል።