የለጋሾች ደም ስለ ትንኝ ወለድ ቫይረሶች ምን ይነግረናል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት መሄዱ አይቀርም። የለጋሾችን ደም መመርመር ለበሽታ ቅኝት ምን ይጨምራል?

መልስ፦ ችግሩ በቫይረሱ የሚያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማይታመም መሆኑ ነው። ትንኝ በምታስተላልፈው በዌስት ናይል ቫይረስ ከተያዙ 10 ሰዎች 8ቱ ያህል ምንም ምልክት አይታይባቸውም፤ አንጎልን የሚያጠቃው ከባድ ሕመም የሚደርሰው ከ150 ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ ነው። ደህና ነኝ ብሎ ክንዱን የሚዘረጋ ለጋሽ ከሐኪም ቤት መዝገብ የቀረውን ይህን ትልቅ ክፍል ያሳየናል።

ጥያቄ፦ ምርመራው እንዴት ተጀመረ?

መልስ፦ ከጉዳት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ 23 ሰዎች በተሰጣቸው ደም ምክንያት በዌስት ናይል መያዛቸው ታወቀ፤ በ2003 ምርመራው በመላ አገሪቱ ተጀመረ።

ጥያቄ፦ ፀረ እንግዳ አካልን (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ንጥረ ነገር) መመርመር አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ ቫይረሱ ደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካሉ ከመታየቱ በፊት ባሉት ቀናት ስለሆነ፣ የሚፈለገው የቫይረሱ ዘረመል ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ የብዙ ለጋሾች ናሙና ተደባልቆ ይመረመራል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ አያሳስትም?

መልስ፦ ሊያሳስት ይችላል፤ እኔንም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የ6 ወይም የ16 ሰዎች ናሙና በአንድነት ሲመረመር ጊዜና ወጪ ይቆጠባል፤ ነገር ግን አንዱ ለጋሽ ያለው ቫይረስ ጥቂት ከሆነ በሌሎቹ ደም ቀጥኖ ከመሣሪያው ሊያመልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት በአንድ አካባቢ ቫይረሱ መዘዋወሩ ሲታወቅ እያንዳንዱ ናሙና ለብቻው ወደሚመረመርበት አሠራር ይታለፋል። ቫይረሱ የተገኘበት ደም ይወገዳል፤ የለጋሹ መኖሪያ አካባቢና ደም የሰጠበት ቀን ለጤና ባለሥልጣናት ሲደርስ ደግሞ ትንኝ የት መታደን እንዳለበት ይጠቁማል።

ጥያቄ፦ ሌላ ትንኝ ወለድ ቫይረስ ለሆነው ለዚካስ ሠርቷል?

መልስ፦ አዎ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ወረርሽኝ ከተመረመሩ 1505 ለጋሾች በ42ቱ ደም ውስጥ ዚካ ተገኝቷል። ደም ሲሰጡ ጤነኞች ነበሩ፤ በኋላ ሲጠየቁ 11ዱ ደም ከሰጡ በኋላ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዚካ መሰል ሕመም እንደተሰማቸው ተናግረዋል።

ጥያቄ፦ ውጤቱ ሕዝቡን ይወክላል?

መልስ፦ በቀጥታ አይወክልም። ሕፃናት ደም አይሰጡም፣ ትኩሳት ያለበትም ይመለሳል። ቫይረሱ ደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ግን፣ አንድ ለጋሽ ላይ መገኘቱ ሳይታወቁ ያለፉ ብዙ ሰዎች መኖራቸውን ያመለክታል።

ጥያቄ፦ ለጋሹ ይነገረዋል?

መልስ፦ ይነገረዋል። በአሜሪካ አሠራር ዌስት ናይል የተገኘበት ለጋሽ ለ120 ቀናት ደም አይሰጥም፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ይችላል።