«ዶክተር» ማን ነው? የእንስሳት ክሊኒክ ማዕረጎች ጥያቄና መልስ

በእንስሳት ክሊኒክ ማን ምን ተብሎ ይጠራ በሚል የላካችሁትን ጥያቄ ሰብሰብ አድርጌ መልሻለሁ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ክሊኒክም አስተዳድሬያለሁ። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ምሳሌዎቼ ከአሜሪካና ከብሪታንያ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። የሚሉን ደንበኞች ናቸው፤ እኛ ምን አጠፋን?

መልስ፦ ደንበኛው ጋውን አየ፣ አከበረ። ጥፋቱ የሚጀምረው እናንተ ዝም ስትሉ ነው። አንዲት ሴትዮ ውሻዋ እያስመለሳት ትመጣለች እንበል። ረዳቱን «ዶክተር፣ ኪኒኑን ላቁምላት?» ትለዋለች። እሱም እግረ መንገዱን «አዎ፣ ይበቃታል» ይላታል። በቃ፣ ያ የሐኪም ትእዛዝ ሆነ። ቤቷ ገብታ ታቆማለች። ነገ ውሻዋ ቢብስባት «ዶክተሩ ነው ያለኝ» ትላለች፤ እውነቷን ነው። «እኔ ረዳት ነኝ፣ ዶክተሩን ጠይቄልሽ ልምጣ» ቢላት ኖሮ ማንም አይከፋም ነበር።

ጥያቄ፦ በቴክኒሻንና በረዳት መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለታችንም እንስሳ እንይዛለን፣ ሁለታችንም ደም እንቀዳለን።

መልስ፦ ሥራው ይመሳሰላል፤ ወረቀቱ ግን አይመሳሰልም። አሜሪካ ውስጥ ቴክኒሻን ለመባል የተለመደው መንገድ ዕውቅና ባለው ተቋም 2 ዓመት ያህል መማር፣ አገር አቀፉን ፈተና ማለፍ፣ ከዚያ በግዛቱ መመዝገብ ነው። የ4 ዓመት ዲግሪ ያለው ቴክኖሎጂስት ይባላል። የተመዘገበው ቴክኒሻን ማዕረግ እንደየግዛቱ ሲቪቲ፣ አርቪቲ ወይም ኤልቪቲ ተብሎ ይጻፋል። ፊደሉ ያደናግራል እንጂ የሚገልጸው ያንኑ ሙያ ነው። ረዳት በአብዛኛው ሥራው ላይ የሚሠለጥን፣ ፈቃድ የማይጠየቅ ሠራተኛ ነው።

ልምድ ያለው ረዳት አዲስ ከተመረቀ ቴክኒሻን በተሻለ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ሲያስገባ አይቻለሁ። እጁ ይባረክ። ግን ልምድ ማዕረግ አይሰጥም። የተመዘገበው ሲያጠፋ የሚጠይቀውና ፈቃዱን የሚነጥቀው ቦርድ አለ። ረዳቱን የሚጠይቀው አለቃው ነው። ደግሞም ቴክኒሻኑ ራሱ በሽታ መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝም ሆነ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አይችልም። ያ የሐኪሙ ነው።

ጥያቄ፦ ብሪታንያ ውስጥስ «የእንስሳት ነርስ» ማለት ያው የተመዘገበ ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የእንስሳት ሐኪሞች ሕግ የሚጠብቀው የሐኪሙን ስም ነው፤ ነርስ የሚለውን አይጠብቅም። ስለዚህ «አርቪኤን» የሚለውን ፈልጉ፤ የተመዘገበ ነርስ ማለት ነው። የተመዘገበችዋ በሐኪም መመሪያ ሥር ሆና የሰውነት ክፍተት ውስጥ የማይገባ ቀላል ቀዶ ሕክምና መሥራት ትችላለች። ያልተመዘገበችዋና ተማሪ ያልሆነችዋ አትችልም። መጠሪያው አንድ፣ ሥልጣኑ ሌላ!

ጥያቄ፦ ፈቃዴን ሳላድስ ቀረሁ። ማዕረጉን ከስሜ ጎን ልተወው?

መልስ፦ አይሆንም። ዲግሪህን ማንም አይወስድብህም፤ ፈቃድ ግን የሚታደስ ነገር ነው። እስክታድስ ድረስ ከባጁም፣ ከፌስቡክ ገጽህም አውርደው።

ጥያቄ፦ ዲቪኤም ከቪኤምዲ ይበልጣል?

መልስ፦ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም የእንስሳት ሕክምና ዶክተር ዲግሪ መጠሪያዎች ናቸው። ሁለተኛውን የሚሰጠው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ የማክመው ድመት ብቻ ነው። በሩ ላይ «የድመት ስፔሻሊስት» ብዬ ልለጥፍ?

መልስ፦ ባትለጥፊ ይሻላል። ስፔሻሊስት የሚባለው ከዲግሪው በኋላ ለዓመታት በሙያው ሠርቶና ሠልጥኖ፣ የቦርድ ፈተና ያለፈ ሰው ነው። በድመት ሕክምናም እንዲህ ተፈትነው ያለፉ አሉ፤ ልፋታቸውን በነጻ መውሰድ ነው የሚሆነው። «የምናክመው ድመት ብቻ ነው» ብለሽ ጻፊ። እውነት ነው፣ ደንበኛም ያመጣል።

ጥያቄ፦ የብሪታንያ ሐኪሞች «ዶክተር» መባል የጀመሩት መቼ ነው?

መልስ፦ ተቆጣጣሪው ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቀደላቸው። ነገር ግን የእንስሳት ሐኪም መሆናቸው አብሮ መጻፍ አለበት፣ ከሰው ሐኪም ጋር እንዳይምታታ። ለእኔ ጥሩ ሚዛን ነው።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ ውስጥ በሐኪምና በቴክኒሻን መካከል አዲስ ሙያ ተፈጠረ ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ አዎ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። ማስተርስ ያለው፣ በሐኪም ክትትል ሥር የሚሠራ ባለሙያ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር አጥብቆ ተቃውሞታል። የእኔ ስጋት ደንበኛው ነው። በሐኪምና በቴክኒሻን መካከል ያለውን ልዩነት እንኳ በቅጡ ሳናስረዳው ሦስተኛ ስም መጣበት።

ጥያቄ፦ ለሠራተኞቻችን ባጅ ልናሠራ ነው። ምን ይጻፍበት?

መልስ፦ ስም፣ ከሥሩ ሥራው በሙሉ ቃል። «ሐኪም»፣ «የተመዘገበ ነርስ»፣ «ረዳት»፣ «እንግዳ ተቀባይ»። ምህጻረ ቃል ለደንበኛ ምኑም አይደለም። ፊደሉን ደግሞ ትልቅ አድርጉት፤ ድመት የታቀፈ ሰው ጠጋ ብሎ አያነብም።