«ለምን አልተነሳችም?»

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። 52 ተማሪዎች አሉኝ፤ በእጄ ያለው ግን አውቶቡስ ላይ ለነጭ ሰው አልነሳም ስላለችው ጥቁር አሜሪካዊት፣ ስለ ሮዛ ፓርክስ፣ የሚተርክ አንድ ባለሥዕል የልጆች መጽሐፍ ብቻ ነው። ሳነብላቸው ግማሾቹ «ለቆመ ሰው መነሳት ጨዋነት አይደለም እንዴ? ለምን አልተነሳችም?» አሉኝ። እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ ልጆቹ አልተሳሳቱም። «ኖር!» ብሎ መነሳትን ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል፤ በአንበሳ ባስ ላይም ለአዛውንት ወንበር ሲለቀቅ ያያሉ። ሥዕሉ የሚያሳየው አንዲት የተቀመጠች ሴትና አንድ የቆመ ሰው ነው፤ ጥቁርና ነጭን የሚለየው ሕግ ሥዕል ላይ አይታይም። ስለዚህ መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት አውቶቡሱን ይሥሩ።

ካርቶን ላይ 36 ወንበር ይሣሉ፤ ተሳፋሪው ቆርኪ ይሁን። የፊት 10 ወንበሮች ለነጮች፣ የኋላ 10 ለጥቁሮች የተመደቡ ነበሩ፤ መሐል ላይ ያሉት 16 እንደ ሁኔታው ይሸጋሸጋሉ። ሮዛ የተቀመጠችው በመሐለኛው ክፍል የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ነው፤ በረድፉ አራት ጥቁሮች ነበሩ። የፊቱ ሞልቶ አንድ ነጭ ሰው ቆመ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ረድፍ መቀመጥ ስለማይፈቀድላቸው ሾፌሩ አራቱንም ተነሱ አላቸው። አራቱን ቆርኪ አንድ ልጅ በእጁ ያንሳቸውና «ለአንድ ሰው ስንት ሰው ተነሳ?» ብለው ይጠይቁ። ኖር የተባለ ሰው «በእግዜር፣ አይነሱ» ይላል፤ ነገሩ በሆነበት በአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ግን አልነሳም ያለች ታሰረች። ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩታል።

በቆርኪው ፋንታ ልጆችን አያስነሱ። በመልክ ወይም በጫማ ተለይቶ የተነሳ ልጅ ከትምህርቱ የሚተርፈው ውርደቱ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ ቅጽል ስም ይሆንበታል።

ከዚያ መጽሐፉን ለ13 ለ13 ልጆች በየተራ ያሳዩ፤ ለአንድ ቡድን 8 ደቂቃ ይበቃል። ሌሎቹ አውቶቡሱን ደብተራቸው ላይ ይሣሉ። 52ቱን በአንዴ ካሳዩ የኋላዎቹ የሚያዩት የእርስዎን ክንድ ነው። ጽሑፉን በወረቀት ሸፍነው «ማን ማንን ያያል? እጆቿ የት ናቸው?» ይበሉ።

ሥዕሉንም ይፈትሹት። ሽበታም አሮጊት አድርጎ ከሣላት ተሳስቷል፤ 42 ዓመቷ ነበር። ከ9 ወር በፊት በዚያው ከተማ በተመሳሳይ ምክንያት የታሰረችውን የ15 ዓመቷን ክሎዴት ኮልቪንን ከዘለላት እርስዎ ይጨምሩ፤ ልጆች የእድሜ እኩያ ሲያገኙ ጆሯቸው ይቆማል። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ይንገሯቸው፦ ሮዛ የታሰረችው ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ከዚያ የከተማው ጥቁሮች የመቱት አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ ከኅዳር 25 ቀን 1948 እስከ ታኅሣሥ 11 ቀን 1949 ዓ.ም. ቆየ። ቀኑን ይቁጠሩት፤ ጳጉሜን ያልረሳ 381 ያገኛል።

ጥያቄ፦ ለልጄ የሮዛን መጽሐፍ እንግሊዝኛውን እንዳለ ላንብ ወይስ ልተርጉም? (አባት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ይተርጉሙ፤ ለአንድ ገጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በተለየ ወረቀት። «ሰግሪጌሽን»ን «መለያየት» ብቻ ካሉት ልጁ ጓደኛሞች የተጣሉ ይመስለዋል፤ «በቆዳ ቀለም በሕግ መለየት» ይበሉት። «ቦይኮት» ደግሞ «አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ» ነው።