ሐይቅን በእግር ለማየት ለምታስቡ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሲወጣ ወሎ ውስጥ ወዳለው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለመሄድ ያሰባችሁ ብዙ ጥያቄ ላካችሁልኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ተሁለደሬ ወረዳ ነው፤ የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ተነስተን ግማሽ ቀን ይበቃናል?

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አይጠፋም። ግማሽ ቀን ግን ለፎቶግራፍ እንጂ ለሐይቅ አይበቃም። አንድ ጊዜ እንግዶች ይዤ ሄጄ ገና ውሃውን ሲያዩ “በቃ፣ አየነው” ብለው ወደ መኪናቸው ዞሩ። እኔ እዚያው ቀርቼ በእግሬ ተመለስኩ። ማልዳችሁ ግቡ፤ ከከተማው እስከ ገዳሙ ያለውን መንገድ በእግር ሂዱት። ከከተማው ጫጫታ ወጥታችሁ ማሽላውንና የጫት ማሳውን እያለፋችሁ ስትሄዱ ውሃው በአንድ ጊዜ ወለል ይልላችኋል። መኪና ውስጥ ሆኖ ይህ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ። ግራ አያጋባችሁም?

እኛን አያጋባንም፤ እንግዳን ያጋባል። ውሃውን ሎጎ የሚሉትም አሉ። አመጣጡን አያቶቻችን ሲያወሩ፣ ድሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት የንጉሥ ልጅ ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላሉ። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ተረት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቦታው ላይ ቆማችሁ ስትሰሙት ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴት ከነበረ አሁን በእግር እንዴት ይገባል?

ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ሦስት ጎኑ ውሃ፣ አንዱ መሬት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ አህመድ ሠራዊት ሲደርስ ግን ዙሪያውን ውሃ ስለነበር የሚንሳፈፍ ነገር አበጅቶ መሻገር ግድ ሆኖበት ነበር። ወደ ገዳሙ ስትሄዱ የምትረግጡት ጠባብ መሬት ያኔ መንገድ አልነበረም ማለት ነው። እኔ ባለፍኩበት ቁጥር ይህን አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ገዳሙ ውስጥ ምን አለ? ታሪኩስ?

ይህ ረዘም ይላል። የገዳሙን አጀማመር ትውፊቱ ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመልሰዋል፤ ስሙ የገነነው ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ካቀኑት በኋላ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው ዘንድ ዓመታት ተቀምጠዋል። የሐይቅ አበምኔቶች “ዓቃቤ ሰዓት” በሚል ማዕረግ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከፍ ያለ ሥልጣን ነበራቸው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መጽሐፉ ነው። ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ግድም ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል የእሳቸውን ሥዕል ይዟል፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ተጽፎበታል። ከ700 ዓመት በፊት አንድ ገዳም “ያለን መጽሐፍ ይህ ነው” ብሎ መዝግቦ ማስቀመጡ ይገርመኛል። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ኅዳር 26 ነው፤ ግርግር የማይወድ ሰው ያን ቀን ባይመርጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት ነኝ። መሄዱ ዋጋ አለው?

እህቴ፣ ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት ወደ ቅጥሩ አትዘልቅም። አትሞክሪው፤ በር ላይ መከራከርም ደስ አይልም። ነገር ግን ከጉዞው ውስጥ ገዳሙ አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። የውሃው ዳር፣ ታንኳው፣ ከዚያም አርዲቦ ለአንቺም ክፍት ናቸው። እንዲያውም ወንዶቹ ከገዳሙ እስኪወጡ ዳሩ ላይ ተቀምጠሽ ቡና ብትጠጪ አትጎጂም።

ጥያቄ፦ አርዲቦ ደግሞ ምንድን ነው?

ማንም የማይጠይቀው፣ እኔ ግን ሁሉም እንዲያየው የምፈልገው ሁለተኛው ሐይቅ ነው። ከሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ውሃው በአንቃርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባው ውሃ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ላይኛውን ያላየ የታችኛውን ግማሹን ነው ያየው።

በእግር ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይጠይቃል። ሌሊቱን ሐይቅ ከተማ አድራችሁ ጎህ ሲቀድ ብትነሱ ይሻላል፤ ፀሐይ ከከረረ በኋላ ዳገቱ አይገፋም። መንገዱን የሚያሳይ የአካባቢ ልጅ ያዙ፤ ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በመንገድ ላይ “ቡና ጠጡ” የሚላችሁ ይኖራል፤ አቦሉን ቀምሳችሁ ከተነሳችሁ ቅር ይላቸዋል፤ በረካው ድረስ ቆዩ።

ጥያቄ፦ መዋኘት ይቻላል?

እኔ አልመክርም። ጥልቀቱ 80 ሜትርን ያልፋል፤ በአካባቢው ቢልሃርዚያም የታወቀ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ብሉ፣ ውሃውን ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ገዳም ብሄድ እንግዳ አልሆንም?

አብሽር ወንድሜ! የተሁለደሬ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ለገዳሙም ጎረቤቱ እሱ ነው። በር ላይ ሰላምታ ሰጥተህ ልትጎበኝ እንደመጣህ ንገራቸው፤ ጫማህን አውልቅ በሚሉህ ቦታ አውልቅ።

ጥያቄ፦ ውጫሌንም በዚያው በእግር እንጨምረው?

አይሆንም፤ ለውጫሌ መኪና ያዙ። ወደ ወልድያ አቅጣጫ ትንሽ ከተጓዛችሁ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ቦታ አለ፤ የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያ ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው “ይቻላቸዋል” ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ግን ለዚህ ሌላ ቀን ስጡት፤ ከአርዲቦ የመጣ እግር ታሪክ አይሰማም።

ጥያቄ፦ መቼ እንሂድ? ምን እንያዝ?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ ሞክሬ አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፤ እስካሁን እዚያው ይኖር ይሆናል። በበልግም ዝናብ አለ። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ዝርዝር ብርና ዱላ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ደሴ መናኸሪያ ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ ያን ቀን ጠዋት የተመለሰውን ሰው የሚያህል መረጃ ሰጪ የለም።