አንድ ፓኬት የሚጥለው ሰርቨር

ጥያቄ፦ «ሁለት የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) ሰርቨሮች አሉኝ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ባይንድ 9 (የዲኤንኤስ ፕሮግራም) ነው የጫንኩባቸው፤ ስለ ራሳችን ዞኖች (ስለምናስተዳድራቸው ስሞች) የሚመጡ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ። በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ አንዱ ከቆመ ሌላውም ተከትሎ ይቆማል። ትራፊኩ አልጨመረም፤ ሲፒዩውም ሜሞሪውም ደህና ነው። ሳስነሳቸው ወዲያው ይሠራሉ። ሌሊት ሌሊት ሪስታርት የሚያደርግ ክሮን (በተወሰነለት ሰዓት ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ላስገባ?»

መልስ፦ ክሮኑን ይተዉትና ሎጉን ይክፈቱ። ከመቆሙ በፊት የጻፈው የመጨረሻ መስመር ላይ «አሰርሽን ፌይለር» የሚል ካዩ፣ ማንም በጎርፍ አላጥለቀለቀዎትም፤ ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ ነው የዘጋው። ባይንድ «ይህ በፍጹም ሊሆን አይችልም» ተብሎ በኮዱ የተጻፈ ሁኔታ ሲገጥመው፣ በተበላሸ ሜሞሪ ከመቀጠል ይልቅ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ያንን ሁኔታ ከውጭ ሆኖ መፍጠር የሚችል ሰው ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነውን የባይንድ የቲኬይ ክፍተት ያስታውሱ (ቲኬይ የምስጢር ቁልፍ ለመስማማት የሚላክ የዲኤንኤስ ጥያቄ ነው)፤ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ አንድ ፓኬት ብቻ ይበቃው ነበር። አክሰስ ሊስትም (ማን መጠየቅ እንደሚችል የሚወስነው ዝርዝር) አያድንም ነበር፤ ፓኬቱ ጉዳቱን የሚያደርሰው ፈቃዱ ገና ሳይጣራ ነውና።

ሁለቱ ተከታትለው መውደቃቸውም አይግረምዎ። አጥቂው ለሁለቱም ልኮ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነም ጠያቂው ሪዞልቨር (ለተጠቃሚዎች መልስ የሚያፈላልገው ሰርቨር) ከአንደኛው መልስ ሲያጣ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። አንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ አንድ ዓይነት ቀዳዳ። ስለዚህ ሁለተኛውን ሌሎች የዲኤንኤስ ፕሮግራሞች ወደሆኑት ወደ ኤንኤስዲ ወይም ወደ ኖት ቢቀይሩት እመክራለሁ፤ የዞን ዝውውሩ (ዞኑ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚቀዳበት መንገድ) እንደወትሮው ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኪይትራፕ የተባለው ክፍተት ግን ሌላ ነው። እሱ ዲኤንኤስሴክ (የዲኤንኤስ መልሶችን ዲጂታል ፊርማ) የሚያረጋግጡ ሪዞልቨሮችን በስሌት አስጨንቆ ሲፒዩውን ይይዛል እንጂ ፕሮግራሙን አይዘጋም፤ የእርስዎ ምልክት አይደለም።

አሁን ያዘምኑ። የቨርዥን ቁጥር ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ የሊኑክስ አከፋፋዮች የቆየውን ቁጥር ሳይለውጡ ጥገናውን ብቻ ያስገባሉ፤ የሲቪኢ ቁጥሩን (የክፍተቱን መለያ) በፓኬጁ የለውጥ መዝገብ ውስጥ ይፈልጉ። ካዘመኑ በኋላ ደግሞ ሪሎድ ብቻ አድርገው እንዳይተዉት። ሪሎድ ኮንፊግና ዞን ያነባል እንጂ ፕሮግራሙን አይቀይርም። እኔ ከሶርስ ኮድ የጫንኩት ሰርቨር በዚሁ ምክንያት ከተጠገነ በኋላ እንደገና ወድቆብኛል፤ ዲስኩ ላይ አዲሱ ተቀምጦ ሜሞሪ ውስጥ ግን አሮጌው ነበር የሚሠራው። የባይንድን ፕሮግራም «ኔምድ» ከሰረዝና ከቪ ጋር (named -v) ሲጠሩት የሚነግርዎ ዲስኩ ላይ ያለውን ነው። የሚሠራውን የሚነግርዎ «አርኤንዲሲ ስታተስ» (በሥራ ላይ ያለውን ባይንድ የሚጠይቀው ትእዛዝ፣ rndc status) ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሪስታርት ያድርጉ።

እስከዚያው ባይንድ ሲወድቅ ሲስተምዲ (በሊኑክስ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) እንዲያስነሳው ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ፓኬቱ ደጋግሞ ከመጣ ደጋግሞ ይወድቃል።

ተዘምኖም ከወደቀ የኮር ደምፑን (ሲወድቅ የተቀመጠውን የሜሞሪ ቅጂ) እና ሎጉን ያስቀምጡ፤ ባይንድን ለሚሠራው ድርጅት ለአይኤስሲ የደኅንነት ቡድን በምስጢር ይላኩ። ፓኬቱን ግን በአደባባይ አይለጥፉት፤ የእርስዎን የጣለ ያንኑ ቨርዥን የጫነውን ሁሉ ይጥላል።